የሾላ ደሴት ጉማሬ

በ2091 ዓ.ም. ጣና ሐይቅ ላይ የቀረው ጉማሬ አንድ ብቻ ነበር። እሱም እኔ ነበርኩ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም፣ የ«ንጹሕ እይታ» ጀልባ ስምንት ተሳፋሪ ይዛ ከባሕር ዳር ትመጣለች። ሞተሯ ድምፅ ስለሌለው ቀድሞ የሚሰማው የተሳፋሪው ሳቅ ነው። ሳቁን ስሰማ የደንገል ታንኳዬን እገለብጥና ጀርባዋን ጭቃ ለቅልቄ ከሥሯ እገባለሁ። ሆዷን ፈልፍዬ ለራሴ የሚበቃ ጎሬ አበጅቼበታለሁ። ባዶ ቅል አፌ ላይ ደግኜ «ህምምም» ስል ውኃው ይርዳል፣ ሴቶቹ ይጮሃሉ፣ ወንዶቹ «አትፍሩ» እያሉ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ሦስት ጊዜ ብቅ፣ ሁለት ጊዜ ጥልቅ። ከዚያ ወደ ደንገሉ ጥሻ ገብቼ ቁርሴን እበላለሁ።

እውነተኛው ጉማሬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የሞተው በ2077 ነው። እምቦጩ ውስጥ ተጠላልፎ ሦስት ቀን ሲያጓራ ሰነበተ። የደሴታችን ሰዎች በማጭድ ልናወጣው ገብተን ነበር። እኔ ብቻዬን ጅራቱን ይዤ ግማሽ ሐይቅ ጎትቼዋለሁ ብል ማንም አያምነኝም፣ እኔም አላምንም። ሞተ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ተሳፋሪው «ጉማሬ ያላችሁት የታል?» እያለ ያጉረመርም ጀመር። የጀልባዋ አስጎብኚ ሶስና አንድ ቀን ወደ እኔ መጣችና፣

«ጋሽ ይበልጣል፣ በሞቴ አንድ ነገር አድርግልኝ። ሙሉ ጉማሬ አላልኩህም። ጀርባ ብቻ» አለችኝ።

ጀርባ ሰጠኋት። የቀረውን ካሜራው ራሱ ጨመረበት።

ፎቶውን ስታሳየኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። አፉን እንደ በር በርግዶ፣ ጥርሱ ክንድ የሚያህል፣ ዓይኑ የንጉሥ ዓይን። «እንዲህ ዓይነት ጥርስ ካለኝ ምነው ሽሮ እበላለሁ?» አልኳት። እሷም ሳቀች። ተሳፋሪዎቹ በዚያው ቀን «መኩሪያ» ብለው ስም አወጡልኝ። እኔን የወለደች እናቴ ስም ለማውጣት አርባ ቀን ፈጅቶባታል።

በዚያ ዘመን ካሜራ ሁሉ እንደዚያ ነበር፤ የሚገርመው ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ፌስታልና የኤሌክትሪክ ሽቦ ከፎቶ ያጠፋ ነበር። ቀጥሎ እምቦጩን አጠፋ፤ ሐይቁ ላይ አሥር ክንድ ሆኖ የተነጠፈው አረም ፎቶ ላይ ሰማያዊ ውኃ ሆነ። በመጨረሻ ሰውን። ከኋላህ የሚያልፍ፣ የማታውቀው ሰው፣ ያንተ ፎቶ ላይ ምን ሊሠራ? ማንም አልተቃወመም። ካሜራው የሚያስቀረው የጉዞ ትኬት የቆረጠውን ብቻ ነው።

እኛ ሾላ ደሴት ላይ አምስት ጎጆ ነን። እታለም ገላነሽ፣ የአባቴ የመጀመሪያ ልጅ፣ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ጀልባዋ ስትደርስ ቀረሶ ዓሣ ጠብሳ ትጠብቃለች። ተሳፋሪዎቹ ይወርዳሉ፣ ይሳለማሉ፣ «እናቴ እንዴት ነዎት» ይሏታል፣ ዓሣውን እስከ አጥንቱ ይግጡታል፣ እጃቸውን በእሷ ፎጣ ያብሳሉ። ከዚያ ፎቶ ያነሣሉ። ፎቶው ላይ የእታለም ቤት የለም። ፍየሎቿ ሚዳቋ ሆነዋል። ዶሮዎቿ ጅግራ። አጥር ላይ ያሰጣችው ነጠላ ሳቢሳ ሆኖ ክንፉን ዘርግቷል። ጌሾዋ ባለበት ላይ አደይ አበባ ፈክቷል፣ ያውም በየካቲት።

ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። ስንስቅበትም ኖረናል። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ስቄያለሁ፤ ለዚህም ነው አሁን ስጽፈው የማልስቀው።

የምንስቅበትን ነገር ሌላ ሰው በቁም ነገር ሲሰበስበው ነበርና። ባሕር ዳር ያለው የገጽታ ጽሕፈት ቤት ድሮ ሰው እየላከ ጎጆ ያስቆጥር ነበር። ቆጣሪው መጥቶ ውሻ እየፈራ፣ ጠላ እየጠጣ፣ ስማችንን አበላሽቶ ጽፎ ይሄድ ነበር። ከ2079 ወዲህ ማንም አልመጣም። ለምን ይምጣ? በሳምንት ሁለት ጊዜ ስምንት ካሜራ ይመጣል።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ማክሰኞ ሶስና ከጀልባዋ ወርዳ ወደ እታለም ቤት በቀጥታ መጣች። ፊቷ እንደ ሁልጊዜው አልነበረም። የመጣላትን ማስታወቂያ ቆማ አነበበችልን።

«ላለፉት ዐሥራ ሁለት ዓመታት በመደበኛ ጉዞዎች ከተነሡ ፎቶዎች በአንዱም ላይ ከጎብኚ በቀር የሰው ምልክት ስላልታየ፣ ሾላ ደሴት የሰው እጅ ያልነካው የጉማሬ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ለጉማሬው ጸጥታ ሲባል በደሴቱ ላይ የሚገኝ ማንኛውም ባዕድ ነገር እስከ ግንቦት 30 ቀን ይነሣል።»

እታለም ዓሣ የምትገለብጥበትን ማንኪያ እንደያዘች ቀረች።

«ባዕድ ነገር ማለት ምንድን ነው?»

ሶስና መሬት መሬት አየች።

«ልጄ፣ አንቺን ነው የምጠይቀው። ምንድን ነው ባዕድ ነገር?»

«ቤቱ… ሁሉም ቤት» አለች ሶስና። «እርስዎም ጭምር።»

እታለም ወደ እኔ ዞረች። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው በግ ቀለም ቀብቼ ባለቤቱን ሳደናግር፣ የቄሱ ዣንጥላ ውስጥ እንቁራሪት ስከት፣ እንደዚያ ነበር የምታየኝ።

«ለማን ጸጥታ ነው ያሉት?»

«ለጉማሬው» አልኩ።

«ሂድ» አለች። «ሂድና ንገራቸው።»

* * *

የገጽታ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የተቀበለኝ ልጅ የተማረ፣ ንጹሕ፣ ትሑት ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ውኃ ሰጠኝ።

«ሾላ ደሴት ላይ ሰው አለ» አልኩት።

«ማን አለ፣ አባቴ?»

«እኔ አለሁ።»

«እርስዎማ እዚህ ነዎት።»

ይህን ሲል አላላገጠም። እኔ በቀልድ ኖሬ ቀልድ አውቃለሁ፤ ልጁ ከምሩ ነው።

«እኅቴ እዚያ ናት። ዛሬ ጠዋት ቁርስ አብልታ ነው የላከችኝ።»

«ፎቶ አለ?»

መታወቂያዬን አወጣሁ። አገላብጦ አየው። መታወቂያው ትክክለኛ እንደሆነ፣ የተጻፈበት ቀበሌ ግን ሰው ስላልተገኘበት ባለፈው ዓመት እንደተሰረዘ ነገረኝ። «እርስዎ የሉም ያለ የለም» አለ። «እርስዎ አሉ። እዚያ ግን የሉም።»

ያኔ እውነቱን አፈረጥኩት። በሕይወቴ እውነት ስናገር እንደዚያ ላብ አጥምቆኝ አያውቅም።

«ስማኝ ልጄ፣ ያ ጉማሬ ውሸት ነው። ታንኳ ነው። ከሥሩ ያለሁት እኔ ነኝ።»

ልጁ ጠረጴዛው ላይ የመኩሪያን መዝገብ ከፈተ። የዐሥራ ሁለት ዓመት ፎቶ። ዕድሜ፣ ሠላሳ አንድ። ጾታ፣ ወንድ። ጠባይ፣ ኩሩ፣ ብቸኝነት የሚወድ። ክብደት፣ ሁለት ሺሕ አንድ መቶ ኪሎ።

«እኔ ስልሳ ኪሎ አልሞላም!» አልኩት።

«እኮ!» አለ ልጁ፣ በመግባባታችን ደስ ብሎት።

እንደ ምንም ራሴን ይዤ ታዲያ ምን ላድርግ ስለው፣ ሕጉ ይግባኝ እንደሚፈቅድ ገለጸልኝ። በመደበኛ ጉዞ ላይ በተነሣ ፎቶ ላይ አንድ ነዋሪ በቤቱ ደጃፍ ቆሞ ከታየ በቂ ነው። አንድ ፎቶ ብቻ። ካሜራው ግን ተሳፋሪ ያልሆነን ሰው አያሳይም ስለው ትከሻውን ሰበቀ።

«የሰው ፎቶ ላይ ሳይጋበዙ መግባት ደግሞ ጥሩ አይደለም፣ አባቴ» አለ።

በመርከብ ስመለስ ሐይቁን አላየሁትም። ሳስብ የነበረው አንድ ነገር ነው። ካሜራው ተሳፋሪን ካስቀረ፣ እታለም ተሳፋሪ ትሁን።

* * *

ሶስና ነገሩን ስነግራት ትንሽ አሰበችና ቅዳሜ ታምሞ የቀረ ተሳፋሪ ቦታ እንዳለ ነገረችኝ። እታለም ግን አሻፈረኝ አለች።

«እኔ በገዛ ቤቴ እንግዳ ልሁን?»

«ለአንድ ቀን እኮ ነው፣ እታለም።»

«አንተ ቀጣፊ፣ አንተ ያመጣኸው ነው ይህ ሁሉ!»

«እኔ ነኝ ያመጣሁት። ስለዚህ አንቺ አውጪኝ።»

ዓርብ ከሰዓት ባሕር ዳር ወሰድኳት። ቅዳሜ ጠዋት ሶስና ደረቷ ላይ ካሜራ ሰቀለችላት፣ ባርኔጣ ደፋችላት። እታለም ባርኔጣውን አውልቃ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። እኔ ቀድሜ ተመልሼ ታንኳዬ ሥር ገባሁ፤ መደበኛ ጉዞ የሚባለው ጉማሬ ሲኖር ነውና።

ከታንኳ ሥር ሆኖ የሚሰማ ወሬ ጥርት ይላል፤ ውኃው ድምፅን ያቀርባል። ጀልባዋ ስትቀርብ አንድ ሽማግሌ ለሌሎቹ ሲያስረዳ ሰማሁት። ድምፁን አወቅሁት። አቶ ፍሬሰንበት ይባላል፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፣ ባለፈው ዓመት በዚሁ ጀልባ መጥቶ ነበር። እታለም ቤት ገብቶ ሦስት ቀረሶ በላ፤ በሦስተኛው ላይ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰካበት። ፊቱ ሲጠቁር እታለም አፉን ፈልቅቃ በሁለት ጣቷ ጎትታ አወጣችለት። እጇን ስሞ አልቅሷል። ይህን ዓይኔ አይቷል።

«ይህ ደሴት» ይላል አሁን፣ «እግዚአብሔር እንደፈጠረው ያለ ነው። የሰው ዘር ረግጦት አያውቅም።»

«ጋሼ» የእታለም ድምፅ መጣ፣ «እርስዎ ከዚህ በፊት መጥተው ነበር?»

«አምና መጥቻለሁ፣ እመቤቴ። እርስዎስ የመጀመሪያዎ ነው?»

 ታንኳዬ ሥር ሆኜ ጆሮዬን ቀሰርኩ።

«ስልሳ ዓመቴ ነው» አለች።

«ኧረ አይመስሉም!» አለና ሳቀ። በዚህ መሐል ማጓራት እንዳለብኝ ረስቻለሁ። ሶስና እግሯን ወለሉ ላይ ስትመታ ቅሌን አነሣሁ። «ህምምም።» ጭብጨባ ሆነ።

ዳር ወርደው ሁሉም የእታለም ቤት ደጃፍ ደረሱ። እኔም እየተንጠባጠብኩ ወጣሁ። ሶስና የእታለምን ካሜራ ወስዳ ደግና «እማማ፣ እዚያ ይቁሙ» አለቻት። እታለም የቤቷን መቃን ይዛ ቆመች። አባታችን የጠረበው የወይራ መቃን ነው፤ ከመያዝ ብዛት ለስልሷል። ቀጥ አለች። ፈገግ አላለችም፣ ለዳኛ እንደምትቆም ሆና ነው የቆመችው።

ፎቶው ወጣ። ሶስና አይታው ሳትናገር ለእኔ አቀበለችኝ።

እታለም አለች። ሻሿ፣ የግንባሯ መሥመር፣ ሁሉም። የቆመችው ግን አደይ አበባ ሜዳ መሐል ነው፤ እጇ አየር ይዟል። የሌለ ነገር እንደያዘ ሰው ክንዷን ወደ ጎን ዘርግታ ቀጥ ብላ ቆማለች። ፎቶው በዚያው ቅጽበት ባሕር ዳር ደርሶ መልሱ መጣ። «ጎብኚ፣ አንድ። መልካም ጉዞ።»

«አምጡት እስቲ» አለች እታለም። አየችው። ከዚያ ዞር ብላ መቃኑን በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው፣ ላም እንደሚባበል። ቀጥ ብላ ወደ አቶ ፍሬሰንበት ሄደች።

«ጋሼ፣ አላወቁኝም?»

«ይቅርታ፣ የት ነው የምንተዋወቀው?»

«አጥንቱን ያወጣሁልዎ።»

ሽማግሌው ግንባሩን ቋጠረ። እየሸሸ አልነበረም፤ ከልቡ እያሰበ ነበር፣ ያ ነው የባሰው። «አጥንት… አዎ አዎ፣ አንድ ጊዜ ታንቄ ነበር። ጎርጎራ ላይ መሰለኝ። አንዲት ደግ ሴትዮ ነበሩ…»

«እኔ ነኝ። እዚህ ነው። ይቺ ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጡት!»

«እንዴት ይሆናል፣ እመቤቴ? ፎቶው አለኝ እኮ። ያየሁትን አልረሳም፤ በየጊዜው አየዋለሁ።» ፈልጎ አወጣው። ሽማግሌው ብቻውን ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አፉን እስከ ጉሮሮው ከፍቶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ወደ ሰማይ ያያል። ከሥሩ ካሜራው የጻፈው ነገር አለ። «በተፈጥሮ ውበት ተመስጦ ሲዘምር።»

«ይኸው» አለ፣ ሊያጽናናት ፈልጎ። «ብቻዬን ነበርኩ።»

«አፍዎን ማን ከፍቶት ነው ታዲያ?» አለች እታለም።

 ሽማግሌው ትንሽ አፍሮ፣ ጎረቤት ወደሚጠበሰው ዓሣ ዞሮ «ዓሣው ግሩም ይሸታል» አለ።

እኔ እንግዲህ ክፉ ሰው አይደለሁም። ሰው አስቃለሁ፣ አታልላለሁ፣ እጅ አላነሣም። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። አጥንት ያወጣለትን እጅ የረሳ ሰው፣ የረሳው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እንዲረሳ ተደርጎ ነው። ማን አደረገው ብለህ የምትይዘው የለም፤ ሁሉም ትሑት፣ ሁሉም ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥ። ታንኳዬን ዳር ጎትቼ አወጣኋት። ደረቅ ሣር ከሥሯ ጠቀጠቅሁ።

«እዩ!» ብዬ ጮህኩ። «ሁላችሁም ካሜራችሁን አብሩ! ጉማሬያችሁ ይኸውላችሁ! ደንገል ነው! ጭቃ ነው! አሁን ይነድዳል፣ አንሡት!»

ለኮስኩት። ደንገል ላዩ ቢረጥብም ውስጡ ሲደርቅ እንደ ጧፍ ነው፤ ነበልባሉ ከራሴ በላይ ወጣ፣ ጭቃው እየተሰነጠቀ ወደቀ። ሰባቱም ተሳፋሪ አነሡ። ሲያነሡ «ወይኔ!» «እግዚኦ!» አሉ፤ እሳቱን በዓይናቸው አይተውታል፣ ሁለቱ ወደ ኋላ አፈግፍገዋል። ከዚያ ፎቶውን ለማየት አንገታቸውን ደፉ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። አንዷ ወጣት አዝናልኝ ይሁን ደስ ብሏት አላውቅም፣ መጥታ አሳየችኝ።

መኩሪያ ዳር ወጥቶ ተኝቷል። ከኋላው ወርቅ የመሰለ ብርሃን አለ። ፀሐይ እየሞቀ ነው።

«ምርጡ ፎቶዬ ነው» አለችኝ። «አመሰግናለሁ።»

* * *

ግንቦት 30 ቀን ጠዋት አፍራሾቹ መጡ። አለቃቸው ውድነህ የደልጊ ሰው ነው፤ ከልጅነቱ እናውቀዋለን። ስድስት ሠራተኛ አሰልፎ፣ ድጅኖና መጥረቢያ በየትከሻቸው፣ ከጀልባ ወረዱ። ወርደውም እንደ ደንቡ ሰላምታ ሰጡን። «እንዴት ሰነበታችሁ፣ ደኅና ናችሁ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው፣ ከብቱ ደኅና ነው፣ ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል?» እኛም «እግዚአብሔር ይመስገን» አልን። ሊያፈርስህ የመጣ ሰው የላምህን ጤና ሲጠይቅህ ምን ትላለህ? እግዚአብሔር ይመስገን ትላለህ።

«እታለም» አለ ውድነህ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «ዕቃችሁን ብታወጡ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ግን ፎቶ ማንሣት አለብኝ። ከመፍረሱ በፊት አንድ፣ ከፈረሰ በኋላ አንድ።»

ካሜራውን ደግኖ አምስቱን ጎጆ አንድ ላይ አነሣ። አጠገቡ ሄጄ አየሁት። አደይ፣ ሚዳቋ፣ ባዶ ሜዳ።

ያኔ ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተንጫጫ። ሳቄ መጣ። የማልረሳው ሳቅ ነው።

«ውድነህ» አልኩ፣ «ሁለተኛውን አንሣ።»

«ገና አላፈረስንም እኮ።»

«አንሣው ዝም ብለህ።»

አነሣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረግኩለት። አንድ ናቸው። ሣር ከሣር አይለይም።

«ጨርሳችኋል» አልኩት። «ከመፍረሱ በፊት ባዶ፣ ከፈረሰም በኋላ ባዶ። እንዲህ ንጹሕ ሥራ የሠራ አፍራሽ ጣና ላይ ታይቶ አይታወቅም። ዓሣ ብሉና ሂዱ።»

ውድነህ አፉን ከፍቶ አየኝ። ከሠራተኞቹ አንዱ ቀድሞ ገባውና ድጅኖውን ጥሎ መሬት ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ሁሉም። ጎረቤቶቼም ሳቁ፣ አቶ ቸሬ የሚባለው ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሽማግሌያችን እንኳ ድዱን እያሳየ ሳቀ። ውድነህ እንባውን ጠርጎ «ይበልጣል፣ አንተ ሰይጣን ነህ!» አለ። ድነናል። ቤቱ ቆሟል፣ ጌሾው ቆሟል፣ ማንም ምንም አልነካም። በሕይወቴ ካደረግኋቸው ተንኮሎች ሁሉ የበለጠው ነው ብዬ እየተኩራራሁ ወደ እታለም ዞርኩ።

አልሳቀችም።

«እና እኛስ?» አለች።

«እንኖራለና!»

«የት?»

«እዚሁ፣ እታለም! እዚሁ ቤትሽ!»

«ማን ሆነን?»

ሳቁ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ።

«ነገ የጎረቤታችን የእንግዳ ልጅ ብትታመም ሐኪሙ ከየት መጣች ይላል? ከነገ ወዲያ እኔ ስሞት ሞተች የሚባለው ማን ነው? ዛሬ በተንኮል ተረፍን። በሚመጣው ዓመት ሌላ አፍራሽ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ የማያውቀን። የዚያን ጊዜ ይህ ደሴት አንድ ጊዜ በይፋ ጸድቷል ተብሎ ተፈርሟል። የፈረመው ደግሞ አንተ ነህ፣ የእኔ ወንድም።»

ወደ አፍራሾቹ አለቃ ዞረች። 

«ውድነህ» አለች፣ «ከፎቶው ሌላ ምን ትሞላለህ?»

ውድነህ አመነታ። ፎቶው ሠራተኛው የሠራውን ሥራ ስለማያሳይ፣ አፍራሾች በወረቀት የሚሞሉት ቅጽ አለ አለ። ምን ፈረሰ፣ የማን ነበር፣ ስንት ነዋሪ ነበረው። የሠራተኛው ደመወዝ የሚወጣው በዚያ ነው። «ነዋሪ የሚለውን ባዶ ተዉት ተብለናል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነዋሪ ከተጻፈ ሥራው ይቆምና ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ጸሐፊውም… እንጀራው ይሄዳል።»

«ቅጹን አውጣ።»

«እታለም፣ ምንም ካልፈረሰ እኮ የሚሞላ ቅጽ የለም።»

እታለም ከአንዱ ሠራተኛ እጅ መጥረቢያ ተቀበለች። ልጁ መከልከል ይገባው እንደሆነ እያሰበ ሳለ ማድቤቷ ጋ ደርሳለች። የመጀመሪያውን ምሰሶ መታች። ሁለተኛ መታች። ሮጬ ልይዛት ስል ክንዷን አየሁና ተውኩት። በአምስተኛው ምሰሶው ሄደ፤ ጣራው በአንድ ጎኑ ተደረመሰ፣ የሃያ ዓመት ጥላሸት እንደ ጥቁር ደመና ተነሥቶ ሁላችንን ሸፈነን። ሁለት ዶሮ ከውስጥ እየጮኸ ወጣ።

ከጥላሸቱ ውስጥ ወጣች። ዓይኗና ጥርሷ ብቻ ነው ነጭ።

«ፈረሰ» አለች። «ጻፍ። ማድቤት፣ አንድ።»

«እታለም፣ እባክሽ…»

«የማን ነበር ይላል ወረቀቱ? የገላነሽ አዳሙ። ያፈረሰው ማን ነው? ራሷ። ጻፍ።»

ውድነህ ወረቀቱን አወጣ፣ እስክሪብቶውን ግን አላወጣም።

«አምና እናትህን ስንቀብር» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ታንኳ ሙሉ ሰው ከዚህ ተሻግሮ ነበር። ደረት ስትመታ የዋለችው ማን ነበረች፣ ውድነህ? ሣሩ ነው?»

ሠራተኞቹ ድጅኗቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።  ውድነህ እስክሪብቶውን አውጥቶ አንድ ጉልበቱን መሬት አስነካና ወረቀቱን ሌላኛው ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«ማድቤት፣ አንድ» እያለ ጻፈ። «የወይዘሮ ገላነሽ አዳሙ።» ፊደሉ ተንጋደደ። «ነዋሪ…»

ቀና ብሎ አየን። ሰዉ መሰለፍ ጀመረ። አቶ ቸሬ «ቆይ፣ ቆይ» ብሎ ቤቱ ገብቶ ጫማውን አድርጎ ወጣ። የእንግዳ ሚስት የልጇን አፍንጫ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። አንድ ሠራተኛ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ ራሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም።

ውድነህ አንድ በአንድ ከነአባት ስማቸው ጠየቀ፣ ጻፈ፣ የጻፈውን አነበበ። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። አፌ ላይ ሦስት ቀልድ መጥቶ ነበር። እታለም ከጎኔ ጥላሸት እየረገፈባት ቆማለች።

«ስም?» አለ ውድነህ።

«ይበልጣል አዳሙ» አልኩ።

«ዕድሜ?»

«አርባ ስምንት።»

«የት ነው የምትኖረው?»

«እዚህ።»

ጻፈው። ጽፎም አነበበልኝ። ከዚያ ከኋላዬ ያለውን «ቀጥሎ» አለው።